ስሙ በጥያቄ ምልክት የተጻፈው ተዋናይ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦሪስ ካርሎፍ የሞተው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1969 ነው፤ በእኛ ጥር 25 ቀን 1961 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 81 ዓመቱ ነበር። ስሙን የማታውቁት ብዙ ትሆናላችሁ፣ ፊቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ግንባሩ ላይ የተሰፋ ጠባሳ ያለበት፣ አንገቱ ግራና ቀኝ ብሎን የመሰለ ብረት የተሰካበት ያ ግዙፍ ጭራቅ እሱ ነው። ተማሪዎቼ ሥዕሉን ባዩ ቁጥር "ፍራንከንስታይን!" ይላሉ። እኔም በየዓመቱ አንድ አይነት መልስ እሰጣለሁ፦ ፍራንከንስታይን ጭራቁን የሠራው ሳይንቲስት ነው፣ ጭራቁማ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚሁ ስም ጉዳይ ነው። ሰው በማስፈራራት እንጀራውን የበላ ተዋናይ ሲሞት እንደ ደግ አጎት ለምን ተለቀሰለት? ስሙንስ ማን አቆየለት?

ትክክለኛ ስሙ ዊሊያም ሄንሪ ፕራት ነው። በ1887 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በእናቱም በአባቱም ወገን የሕንድ ደም እንዳለበት የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ቤተሰቡ እንደ ወንድሞቹ ዲፕሎማት እንዲሆን ነበር የሚጠብቀው። እሱ ግን በ1909 መርከብ ተሳፍሮ ካናዳ ገባ፣ የእርሻ ሥራም የጉልበት ሥራም ሠራ፣ ከተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድኖች ጋር ከከተማ ከተማ ዞረ፤ ስሙንም የዚያን ጊዜ ነው የቀየረው። ሆሊውድ ከደረሰ በኋላም ለዓመታት ማንም አላወቀውም። መልኩ ጠየም ስለሚል አንዴ ዐረብ፣ አንዴ ሕንዳዊ፣ አንዴ ሽፍታ እያደረጉ ትንንሽ ቦታ ይሰጡት ነበር። ፊልም ሲጠፋ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር።

በ1931 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ "ፍራንከንስታይን"ን ሊሠራ ሲነሳ ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል መረጠው። ዕድሜው ወደ 44 እየተጠጋ ነው፤ ጀማሪ የሚባልበት ዕድሜ አይደለም። በየቀኑ ወደ አራት ሰዓት የሚፈጅ ሜካፕ ይሠራለታል፣ እግሩን እንደ ድንጋይ የሚጎትት ከባድ ቦቲ ያደርጋል፣ ንግግር ደግሞ የለውም፤ ማጉረምረም ብቻ። ጉንጩ እንዲጎደጉድ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውጥቶ ይጫወት ነበር። ዓይኑ በጣም ንቁ ሆኖ ስላስቸገረው ቆቡን በሰም አስከበደው። ጭራቁ ገና ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ፊልሙን ያያችሁ ካላችሁ አንድ ቦታ አስታውሱ። ጭራቁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጣሪያው ይከፈትና ብርሃን ይወርድበታል። ቀና ብሎ ያያል፣ እጆቹን ዘርግቶ ብርሃኑን ለመያዝ ይሞክራል። ከዚያ ይዘጉበታል። እጆቹ ባዶ ይቀራሉ። በቃ፣ አንድም ቃል የለም! እኔ በበኩሌ ስንት ተናጋሪ ተዋናይ ተሰብስቦ ያንን አያክልም ባይ ነኝ።

ፊልሙ ሲጀምር የተዋንያኑ ስም ይዘረዘራል። በጭራቁ ትይዩ የተጻፈው ግን "?" ብቻ ነው። ስቱዲዮው ሰውን ለማጓጓት ያደረገው ነው፤ ስሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ፊልሙ ምረቃም አልጋበዙትም ይባላል። ሕዝቡ ግን ያንን ጥያቄ ምልክት ቶሎ መለሰው።

ካርሎፍ ደጋግሞ የሚያወራው ነገር ነበር፤ ብዙ ደብዳቤ የሚጽፉለት ሕፃናት ናቸው፣ የሚጽፉትም ስለ ፍርሃታቸው አይደለም፣ ለጭራቁ ስለማዘናቸው ነው። አዋቂዎቹ እንኳ የሳቱትን ልጆች ገባቸው። በሐይቁ ዳር ያለውን ትዕይንት ውሰዱ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች፣ አበባዎቹን ውኃ ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፉ ያያሉ። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል፣ ስትሰጥም ደንግጦ ይሸሻል። ካርሎፍ የውርወራውን ነገር ጨርሶ አልወደደውም። ሳንሱሮችም አላስቻላቸውም፣ እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ጠብቀው ቆረጡት። ውጤቱ ምን ሆነ? ተመልካቹ ከዚያ የባሰ ነገር ያደረገባት መሰለው። የተቆረጠው ተመልሶ የተቀጠለው በ1980ዎቹ ነው፤ ካርሎፍ ግን አላየውም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደማያነሳው ነገር ልውሰዳችሁ። በዚያን ጊዜ ተዋናይ የሥራ ሰዓት ገደብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ካርሎፍ ያንን ሜካፕና ልብስ እንደለበሰ ለ25 ሰዓት ያህል በአንድ ወጥ የሠራበት ቀን ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ"ዘ መሚ" የጥንት ግብፅ አስከሬን ሆኖ ሲሠራ መገነዙ ብቻ ስምንት ሰዓት ፈጀ፤ ቀረጻው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1933 ስቱዲዮዎቹ ኢኮኖሚው ወድቋል ብለው ደመወዝ በግማሽ ሲቆርጡ ጥቂት ተዋንያን በድብቅ እየተሰበሰቡ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ካርሎፍ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፣ የአባልነት ቁጥሩ 9። ልብ በሉ፣ ገና ስም ያወጣ ሰው ነው፤ ስቱዲዮው ቢያባርረው ወደ መኪና ነጂነቱ ነው የሚመለሰው። እሱ ግን ስንት ዓመት ከኋላ ሲቆም ስለኖረ ከኋላ የቆሙትን አልረሳቸውም። ዛሬ የአሜሪካ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ መቱ ሲባል የምንሰማው የዚያ ማኅበር ቀጣይ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ ፊልም ሠራ፣ ጥሩም ነበር መናኛም ነበር። ወሳኙ ነገር የመጣው በ1957 ነው። የድሮዎቹ አስፈሪ ፊልሞች ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በጅምላ ተሸጡና ፊልሞቹ ሲወጡ ያልተወለዱ ልጆች ሌሊት ሌሊት እያመሹ ያዩ ጀመር። በ1958 ፎረስት አከርማን ለእነዚህ ልጆች የሚሆን የጭራቅ ፊልሞች መጽሔት አቋቋመ። ሽማግሌው ተዋናይ በልጆች ዘንድ እንደገና ተወለደ ማለት ይቻላል። በ1966 ደግሞ "ግሪንች" የሚባለውን የገና ካርቱን በድምፁ ተረከው፤ የግራሚ ሽልማትም አገኘበት። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ልጆቻችሁ በፈረንጅ ገና ሰሞን የድሮውን ግሪንች ካዩ የምትሰሙት ድምፅ የዚያ ጭራቅ ድምፅ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳንባውም እግሩም አስቸግሮት በብረት ድጋፍና በዊልቸር ነበር የሚሠራው። ግን አላቆመም። በ1968 በወጣው "ታርጌትስ" ዘመኑ ያለፈበት የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ ሆኖ ተጫወተ፣ ራሱን ማለት ይቻላል።

ሲሞት አከርማን መጽሔቱን መታሰቢያ አደረገለት፣ በዚያው ዓመት መጽሐፍም አወጣለት። እነዚያ ሌሊት ያመሹ ልጆች አድገው ፊልም ሠሪ፣ ሠዓሊ፣ ጸሐፊ ሆኑ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሣራ ካርሎፍ ከቤላ ሉጎሲና ከቼኒ ቤተሰቦች ጋር ሆና የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለእነዚህ ተዋንያን ቴምብር እንዲያወጣ መወትወት ጀመረች። አድናቂዎች ፊርማ አሰባሰቡ። በመስከረም 1997 ተሳካ። ካርሎፍ ብቻውን ሁለት ቴምብር ደረሰው፣ አንዱ የፍራንከንስታይን ጭራቅ፣ ሌላው መሚው።

በ2003 ደግሞ ሦስተኛ ተጨመረ። ይኼኛው ከካሜራ ጀርባ ላሉ ባለሙያዎች የወጣ ነው። ካርሎፍ ቁጭ ብሏል፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይቀባዋል። ሰውየው ጃክ ፒርስ ነው፣ ከግሪክ የመጣ ስደተኛ፣ የዚያ ፊት ፈጣሪ። ስቱዲዮው በ1940ዎቹ አሰናብቶት ነበር፤ በ1968 ሲሞት ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።