የጭንቅ ጥሪ ሞገዶች በባሕር ላይ

ግንቦት 8 ቀን 1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1932) «ዦርዥ ፊሊፓር» የተባለች የፈረንሳይ የመንገደኞች መርከብ ከሩቅ ምሥራቅ ስትመለስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በእሳት ተያያዘች። የመጀመሪያ ጉዞዋ ነበር። የድረሱልኝ ጥሪ በራዲዮ ተላለፈ፤ አንድ የሶቪየት ነዳጅ ጫኝና ሁለት የእንግሊዝ የጭነት መርከቦች ደርሰው አብዛኛውን ሰው አተረፉ። ታዋቂው ጋዜጠኛ አልቤር ሎንድር ግን ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። የሶቪየቱ መርከብ ያዳናቸው ሰዎች ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ።

ለመሆኑ ቋንቋቸውና ባንዲራቸው የተለያየ መርከቦች በጭንቅ ሰዓት በምን ይገናኛሉ? መልሱ አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1906 በርሊን ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት «ኤስ ኦ ኤስ»ን የጭንቅ ምልክት አደረጉ፤ ለመርከቦችም የ300 እና የ600 ሜትር ሞገዶችን መደቡ። ተማሪዎች የብርሃንን ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 300,000,000 ሜትርን፣ ለ600 ቢያካፍሉ 500 ኪሎ ኸርዝ ያገኛሉ። ለብዙ ዘመን የባሕር ጭንቅ ሁሉ የተሰማው በዚህ ሞገድ ነው።

ይሁን እንጂ ሞገድ መመደብ ብቻውን ሕይወት አያድንም። በአፕሪል 1912 «ታይታኒክ» ስትሰጥም «ካሊፎርኒያን» የተባለች መርከብ በአቅራቢያዋ ነበረች። ሆኖም ብቸኛው የራዲዮ ሠራተኛዋ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። 1,500 ያህል ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ ሌት ተቀን ነቅቶ ማዳመጥ በዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ገባ። የዝምታ ደቂቃዎችም ተደነገጉ፤ ይኸውም በየሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከ15 እስከ 18 እና ከ45 እስከ 48 ባሉት ደቂቃዎች፣ በ500 ኪሎ ኸርዝ የሚያስተላልፍ ሁሉ ዝም ብሎ ደካማ ጥሪ እንዲያዳምጥ ነው። በመርከብ የራዲዮ ክፍል ሰዓቶች ላይ እነዚህ ደቂቃዎች በቀይ ቀለም ይሳሉ ነበር።

በ1947 በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ጉባኤ ለድምፅ ንግግር 2,182 ኪሎ ኸርዝና 156.8 ሜጋ ኸርዝ ተመደቡ። ሁለተኛው ዛሬ «ቻናል 16» የሚባለው ነው። ከአንድ በላይ ሞገድ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ረጅሙ ሞገድ የባሕሩን ገጽ ተከትሎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አጭሩ ግን በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ከአድማስ ብዙም አያልፍም፤ ሆኖም ድምፁ ጥርት ያለ፣ አንቴናውም ትንሽ ነው።

ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 ጀምሮ አዲሱ ዓለም አቀፍ የባሕር ጭንቅ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል የሞርስ ዘመን አከተመ። ዛሬ በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ ጥሪውን ወደ ሳተላይት ይልካል። ቢሆንም የአገራችንን ዕቃ ጭነው ወደ ጅቡቲ የሚቀርቡ መርከቦች ቻናል 16ን ማዳመጥ አልተዉም።

መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ከማርኮኒ መሣሪያ ይልቅ በቀዮቹ ደቂቃዎች ላይ ቢያተኩሩ መልካም ነው። መሣሪያው ሰውን ለመናገር አበቃው፤ ለማያውቀው ሰው ሲል ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ያስተማረው ግን የብዙዎች ሞት ነው።