የዱቄት ወተት በመጋዘን ሲሰነብት

እንሰት በሸፈነው በአረካ ምድር ረሃብ ይገባል ብሎ የሚገምት መንገደኛ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ወላይታ በ1977 ዓ.ም. ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ችግሩም በ1986 እና በ1992 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቷል። በ1977ቱ ረሃብ በአገሪቱ የመመገቢያ ጣቢያዎች ለሕፃናት ይቀርብ የነበረው በአብዛኛው ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ሲሆን፣ ዘይትና ስኳር ተጨምሮበት ይበጠበጥ ነበር። የዱቄት ወተት ለአገራችን አዲስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና በኋላ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት የሆነው የኢትዮ-ስዊድን ክፍል ያዘጋጀው ፋፋም ይኸው ዱቄት ይገባበት ነበር።

የወላይታ ባልቴት የሸተተ ቅቤን በአፍንጫዋ ትለያለች። ለኬሚስቱ ግን አፍንጫ ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር ነው። ስለዚህ ቅባቱን ለይቶ በፖታሲየም አዮዳይድ ይፈትነዋል፤ ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደው ቅባት አዮዲንን ነጻ ያወጣል፤ አዮዲኑም በሶዲየም ታዮሰልፌት ይለካል። ውጤቱ የፐሮክሳይድ መጠን ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ፐሮክሳይድ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ፈርሶ መጥፎ ሽታ ወደሚሰጡ አልዲሃይዶች ይለወጣል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። አነስተኛ ቁጥር ትኩስ ወተትንም፣ ፈጽሞ ያረጀ ወተትንም ሊያመለክት ይችላል ማለት ነው! በታዮባርቢቹሪክ አሲድ የሚደረገው፣ ሐምራዊ ቀለም የሚያሳየው ፈተና አብሮ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ መጋዘን ሙሉ ወተት ማጽደቅ ወይም መኮነን ድፍረት ነው።

ቅባቱ የወጣለት ዱቄት የሚይዘው ቅባት ከ1.5 በመቶ አይበልጥም፤ ዋናው ጠላቱ እርጥበት ነው። እርጥበቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ላክቶሱ ይጓጉላል፤ ዱቄቱ ይጠጥራል፤ ስኳሩም ላይሲን ከተባለው የፕሮቲን ክፍል ጋር ተጣብቆ ዱቄቱን ያጠይመዋል። ይህ ጉዳት በፐሮክሳይድ ፈተና አይታይም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤፍ-100 የተባለው የሕክምና ወተት ሲመጣ ግን ዘይቱ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎ ታሸገ፤ የኦክሲጅኑም ጥያቄ ከነሙሉ ክብደቱ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለወላይታ ጎረቤት በሆነው በሐዲያ፣ በባደዋቾ፣ እናቶች ለልጆቻቸው በየቤታቸው የሰጡት በኦቾሎኒ የተለወሰ ምግብም ወተትና ዘይት አለበት። ውኃ ስለማይበጠበጥበት ተሐዋስያን አይራቡበትም፤ እርጥበቱም ከ2.5 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ዘይቱን ከአየር የሚጠብቀው ግን ማሸጊያው ነው።