የምርመራ ወረቀቱ ፍርድ አይደለም

ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ በሚስት ላይ ነው። ባልም ተመርምሮ ውጤቱን ሲቀበል በአንዲት ቁጥር ደንግጦ ተስፋ ይቆርጣል፤ ትዳር እስከ መፍረስም ይደርሳል። ለመሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ1677 በሆላንድ የዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ፣ ራሱ በሠራው ማጉያ የወንድ ዘር ሕዋሳት ሲዋኙ ተመለከተ። ይህንኑ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሲጽፍ ናሙናው ከትዳሩ እንጂ በኃጢአት የተገኘ አለመሆኑን ገለጸ፤ ነገሩ ነውር ከመሰላቸውም እንዳያትሙት አሳሰበ። ሐያእ ከዕውቀት አላገደውም።

ሕዋሳቱን ቆጥሮ ማመዛዘን ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ ጆን ማክሊዮድና ሩት ጎልድ ሚስቶቻቸው ያረገዙላቸውን 1,000 ወንዶች፣ ልጅ ካጡ 1,000 ባሎች ጋር አነጻጸሩ። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊዮን የሚለው የቀድሞ ወሰን ከዚህ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 የመጀመሪያውን የምርመራ መመሪያ አወጣ፤ በ2021 ስድስተኛውን አሳተመ።

በዚህ መመሪያ ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ሕዋስ ነው። ከመቶው 42 የሚንቀሳቀሱ፣ 4 ብቻ ቅርጻቸው የተስተካከለ ቢሆኑ ይበቃል። እዚህ ላይ ልብ እንበል! ወሰኑ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነርሱም ከመቶ አምስቱ ከወሰኑ በታች ነበሩ። እንግዲህ ከወሰኑ በታች መሆን መካንነት አይደለም፤ ከወሰኑ በላይ መሆንም ለመውለድ ዋስትና አይሆንም።

ሌላም አለ። የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት የያዘ ኃይለኛ ትኩሳት የዛሬውን ውጤት ሊያበላሽ ይችላል። ናሙና ከመስጠት በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ የሚያስፈልገውም ቁጥሩ እንዳይዛባ ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ ምርመራው ይደገማል። ምንም ሕዋስ ባይታይ እንኳ የመተላለፊያ ቱቦ መዘጋት ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ወንድሞቻችን! ሚስትን ከመውቀስ በፊት አብራችሁ ተመርመሩ። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) በእርጅናቸውም ከዱዓ አልቦዘኑም። እኛም ዱዓውን ከሰበቡ ጋር እናድርስ። ወላሁ አዕለም።