ስሙ የታወቀ ጋኔን

ላሊበላ ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረው ወጣት አስጎብኚ ፍላሹን ሰጠ። ባለሱቁ ሲከፍተው የሦስት ዓመት ፎቶ የነበረባቸው ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት እናድርገው?» አለው። ልጁ እሺ ሊል ሲል ጣልቃ ገባሁ። እንዲህ ያለው ቫይረስ ፋይል አይበላም፤ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሐሰተኛ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሲጫኑት ፎልደሩ ይከፈታል፤ እግረ መንገዱንም ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይዘራል። የተደበቀውን የምትገልጥ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጻፍንና ፎቶዎቹ ተመለሱ። ባለሱቁን ያሳዘነው ግን ሌላ ነበር፦ «አንቲቫይረስ ገዝቼ እኮ ነው!» ገዝቷል። ካዘመነው ግን ወራት አልፈዋል።

ላሊበላ ባለበት በላስታ ሰው ለጥበቃ መክፈል የጀመረው ኮምፒውተር ሳይመጣ ነው። ክታብ የሚጽፍ ደብተራ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጃል፤ በጸሎቱ መሐል የክርስትና ስሙን ያስገባል። አስቀድሞ ለሽያጭ የተጻፈ ከሆነ የስሙን ቦታ ክፍት ይተወዋል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። ዛሬ ላይሰንስ የምንለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውስጡም ይመሳሰላል፤ ክታቡ ዓይነ ጥላን፣ ባርያን፣ ሌጌዎንን፣ ውርዝልያን በየስማቸው ይጠራል፤ ስሙ የታወቀ ጋኔን ይታሰራል ተብሎ ይታመናልና። የመጀመሪያዎቹ አንቲቫይረሶችም የሚሠሩት በዝርዝር ነበር፦ የታወቀውን ቫይረስ መለያ ይዞ ፋይሉን ሁሉ ማመሳከር። ያልተመዘገበው ፊት ለፊት ያልፋል። የዛሬዎቹ አጠራጣሪ ጠባይንም ለመለየት ይሞክራሉ፤ ዝርዝሩ ካልታደሰ ግን ጥበቃቸው እየሳሳ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የፓኪስታን ላሆር ሁለት ወንድማማቾች «ብሬይን» የተባለውን ቫይረስ በፍሎፒ ዲስክ ለቀቁ፤ እነሱ እንዳሉት ሶፍትዌራቸውን ያለ ፈቃድ የሚቀዱትን ለመከታተል ብለው ነው። በዓመቱ የአንቲቫይረስ ኩባንያው ማካፊ ተመሠረተ፤ ውሎ አድሮም በየዓመቱ መክፈል ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ዲፌንደር የተባለውን የራሱን አንቲቫይረስ ይዞ ሲመጣ ለቤት ኮምፒውተር ሌላ የመግዛቱ ምክንያት በጣም ቀነሰ። ከሌላ ቦታ የሚገኘው ነፃ አንቲቫይረስም ሁልጊዜ ነፃ አይደለም፤ አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ሲሸጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ላይሰንሱ ተሰብሮ በነፃ ስለሚታደለው ሶፍትዌር፣ ስለ ክራክማ ምን ይባላል? ሲጫን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለው «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ሌባ ዘበኛውን አስተኝቶ እንደሚገባው ማለት ነው።

በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ፋይል እየቆለፈ ቤዛ ሲጠይቅ 150 ያህል አገሮችን አዳርሷል። መድኃኒቱን፣ ማለትም ክፍተቱን የሚደፍነውን እድሳት፣ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ማይክሮሶፍት በነፃ ለቆት ነበር። የተጠቁት በአብዛኛው ያላዘመኑት ናቸው።

ለማዘመን ግን ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ እዚህ ጋ ነው የላስታ ነገር የሚለየው። ሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። የዓመት ክፍያ የከፈለ ሰው ገንዘቡ እየተቆጠረ ዝርዝሩ ያረጅበታል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል።

ቁልፍና ጠባቂ ብቻውን እንደማይበቃ ይህ ከተማ ያውቃል። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ፤ ቤልጂየም ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ወጥቶ የተመለሰው በ1993 ነው። መስቀሉ ምትክ የለውም፤ ባይገኝ ኖሮ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ፎቶ ግን ይገለበጣል። ስለዚህ የቤት ኮምፒውተር ያለው ሰው ለአንቲቫይረስ የሚከፍለውን ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቢያውል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሲገለብጥ ብቻ ሰክቶ ከዚያ ነቅሎ ሳጥን ውስጥ የሚቆልፍበት። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ደግሞ ዊንዶውሱን ያዘምን። ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ ሰው መደበኛው እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ይወቅ።

አስጎብኚውን በሳምንቱ ቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ አገኘሁትና ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ ገልብጦ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ነገ» አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ዛሬ ገልብጥ።