አሶሳ እንሂድ ወይስ እንቅር?

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ አዲስ አበባ፣ ሸጎሌ አካባቢ በኪራይ ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ስማቸውን ለራሳቸው ልተውላቸው። ባልየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሚስትየዋ መምህርት ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የሚስትየዋ እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። ኪራዩ በየጊዜው እየጨመረ፣ የታክሲ ሰልፉ ጠዋትና ማታቸውን እየበላባቸው ሳለ፣ ሚስትየዋ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ተወዳድራ አለፈች። የዚያን ዕለት ማታ ቡና ተፈላና ነገሩ ተነሣ፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ባልየው ልቡ ቀድሞ ሄዷል። «የህዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ክልሉ የመብራት ምንጭ ነው፤ እንዴት ለእኔ ሥራ ይጠፋል?» አለ። ሚስቱ ግን ካርታውን አይታዋለች። «ግድቡ ያለው ጉባ፣ መተከል ዞን ነው። ክልሉ አንድ ቢሆንም በአሶሳና በጉባ መካከል ዓባይ አለ» አለችው። እሱም ዝም አለ። ባለ ሙያ ነውና ሲያስረዱት ይገባዋል።

እናትየው እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። ቶናውን ቀድተው ሲጨርሱ፣ «አሶሳን እኔ አውቃታለሁ» አሉ።

ልጃቸው ታውቅ ነበር፤ አማቻቸው ግን ዝርዝሩን ሰምቶት አያውቅም። እኚህ ሴት የወሎ ልጅ ናቸው። በ1977ቱ ረሃብ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው እህል በሚታደልበት ጣቢያ ተመዘገቡና ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ተጫነ። ያኔ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ከድርቅ አገር አንሥቶ ለማስፈር አውጆ ነበር። ሰፈራው በ1978 ለጊዜው እስኪገታ 600 ሺህ ገደማ ሰው ተጓጓዘ። ገሚሱ በአውቶቡስ፣ ገሚሱ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የሄደም አለ፤ ባል ወዲህ ሚስት ወዲያ ሆነው የተለያዩም ብዙ ናቸው። የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን ሰፈራ በአደባባይ በማውገዛቸው ከአገር ተባረዋል።

«አባቴን ማንም አልጠየቀው» አሉ እናትየው። «ለምለም መሬት አለ፣ ዝናብ አይጠፋም ተባለ። እውነት ነው፣ ዝናቡ አልጠፋም። ወባውም አልጠፋም። የገባነው ቁጥር የተሰጠው አምባ ውስጥ ነው። እርሻው የጋራ፣ የሚያርሰው ትራክተር፣ የምንበላው በሠራነው ነጥብ። አባቴ ወሎ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያድር ሰው ነበር፤ እዚያ ሲደርስ በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ሆነ። ቤታችንን በሽመል ሠራን። ሽመል የት እንደሚቆረጥ ያሳዩን ባለአገሮቹ በርታዎች ናቸው።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ልጨምር። ያኔ በዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ያ አገር ባዶ ተብሎ ነበር። ባዶ አልነበረም። በርታዎቹ እርሻቸውን እያፈራረቁ ያርሱ ነበርና፣ አፈሩ እንዲያገግም ያሳደሩት መሬት ለካድሬው ሰው የሌለበት መሰለው። ጫካው ተመነጠረ፣ አምባ ተመሠረተ። ባለአገሩም አልተጠየቀ፣ ሰፋሪውም አልተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የመጣው ቂም ብዙው ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሶሳ ደግሞ ትናንት የበቀለች አይደለችም፤ የዚያ አገር ገዢ የነበሩት የሼህ ሆጀሌ አልሐሰን አገር ናት። አዲስ አበባም ቤት ነበራቸው፤ ሸጎሌ፣ ይህ ቤተሰብ ኪራይ የሚከፍልበት ሰፈር፣ ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው።

ወደ ወሬያችን እንመለስ። እናትየው በ1983 ደርግ ሲወድቅ እንደ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ወደ ወሎ ተመለሱ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ገቡ። ብዙዎች ግን እዚያው ቀርተዋል፤ ልጆቻቸው ዛሬ አሶሳን አገሬ ይሏታል፣ መብታቸውም ነው።

«እና እንቅር ነው የሚሉን?» አለ አማቻቸው።

«እንደሱ አላልኩም የኔ ልጅ። ሂዱና ጠይቁ ነው የምለው። ማንጎው ሲበስል ደግሞ አትሂዱ። ያኔ አገሩ ሁሉ ጥላና ጣፋጭ ነው፤ ማንም ይወደዋል። ነሐሴ ላይ ሂዱ። ጭቃውን እዩ፣ ትንኙን እዩ፣ ሐኪም ቤት ገብታችሁ ስንት ሰው በወባ እንደተኛ እዩ። ያኔም ከወደዳችሁት ግቡ።»

እኔ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ወጥተው ክፍለ አገር የሚገቡ ብዙዎች የሚያዩት የኪራዩን ልዩነት ነው። የኪራይ ልዩነት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ በአንድ ወር ያልቃል።

ምክንያቱም መንገዱ ረጅም ነው፤ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲ፣ በባምባሲ አልፎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ። በ2011 መስከረም የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት መንገድ ላይ ከተገደሉ ወዲህ የዚያን መስመር መከራ ያላየ የአሶሳ ሰው ጥቂት ነው። መኪና ሲቀር ዘይቱም መድኃኒቱም ይወደዳል። አውሮፕላን አለ፤ ግን ለአራት ሰው ትኬት መቁረጥ የመምህርት ደመወዝ አይችለውም። በሱዳን በኩልም ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ነው፤ ስደተኛው በኩርሙክ ይገባል። የሸርቆሌ መጠለያ ከተከፈተ ዘመን ተቆጥሯል፤ ያ አገር የመጣን እንግዳ ተቀብሎ ያውቃል።

ሚስትየዋ በበኩሏ ልጆቹን አስባለች። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ትምህርት አይቸግራቸውም። «በርታኛም ይማሩ። ጎረቤቱን በቋንቋው ሰላም ያላለ ልጅ እዚያ ሰፋሪ እንደሆነ ይቀራል» አለች። እናቷ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ትልቋ ልጅ ተጠየቀች። ጓደኞቿን መተው እንደማትፈልግ ተናገረች። አልተቆጧትም፣ አላባበሏትም፤ የተናገረችው ከሌላው ጋር ተቆጠረ።

ሦስተኛው ሲኒ ሲወርድ ስምምነቱ ይህን ይመስል ነበር። ባልና ሚስቱ ነሐሴ ላይ አብረው ሄደው ያያሉ። ካመኑበት እሷ መስከረም ላይ ሥራ ትጀምራለች። እሱ በግማሽ ዓመቱ ይከተላል፤ ከዚያ በፊት ግን አሶሳ ውስጥ ከሚሠሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብሎ ሥራ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። የሸጎሌው ቤት እስከ ጥር አይለቀቅም። እናትየው ይሄዱ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ መጀመሪያ የድሮ አምባቸውን ሰዎች በስልክ እንዲያገኙላቸው ለመኑ፤ ማን በሕይወት እንዳለ ሳያውቁ መልስ መስጠት አልፈለጉም።