የሞስኮ ምሽት በኮልፌ

የእንግሊዝ ክለብ ለአውሮፓ ውድድር ወደ ሩሲያ የሚሄድበት ምሽት በአዲስ አበባዋ ኮልፌ ኳስ ቤቶች ዘንድ ከሌላው ምሽት ይለይ ነበር። የሚለየው በተጋጣሚው ስም ወይም በሞስኮ ብርድ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ምዕራብ አውሮፓ ላይ የሚደረግ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3:45 ይጀምር ነበር፤ አውሮፓውያን በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ወደ 4:45 ይገፋል። ያ ጨዋታ ሲያልቅ ከሌሊቱ 6:30 አልፏል፣ ታክሲ የለም፣ የግቢ በር ተቆልፏል፣ ሲነጋም ሥራ አለ። ሩሲያ ላይ ግን ቀድሞ ስለሚመሽ ዩኤፋ እዚያ የሚደረጉትን ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል አስቀድሞ ያስጀምራቸው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2002 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድ ከሲኤስኬኤ ሞስኮ፣ በዓመቱ ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ቼልሲ ከስፓርታክ ሞስኮ ሲጫወቱ ኮልፌ ላይ ገና ከምሽቱ 1:30 ነበር። ከሥራ የወጣ ሰው እራቱን ሳይቀምስ ገብቶ 3:30 ሳይሞላ ይወጣል። ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ ከአግዳሚው ሳይነሳ የ3:45ቱን ይደግማል።

ነገሩ የካርታ ጉዳይ ነው። ሞስኮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ቀጥ ብላ ያለች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ፣ ሞስኮ በ37 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ የምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ስለሚገኙ ፀሐይ መሃል ሰማይ ላይ የምትደርስባቸው በአምስት ደቂቃ ልዩነት ነው። ሩሲያ እስከ 2003 ዓ.ም. በአውሮፓ በጋ ሰዓቷን ታስቀድም ስለነበር ሁለቱ ከተሞች በክረምቷ እኩል፣ በበጋዋ የአንድ ሰዓት ልዩነት ነበራቸው። ቀጥሎ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል የበጋውን ሰዓት ቋሚ አደረገችው፤ ከጥቅምት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሞስኮና አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው። የቀረው ልዩነት የአቆጣጠር ብቻ ነው፤ ሞስኮ 21:45 ስትል ኮልፌ 3:45 ትላለች።

ኮልፌ ሩሲያን ያወቃት በኳስ አይደለም። ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ባልቻ ሆስፒታል የሩሲያ ቀይ መስቀል ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ለትምህርትና ለወታደራዊ ሥልጠና ሶቪየት ኅብረት ደርሰው ተመልሰዋል። ቶሊያቲ ከተማ የሚሠራው ላዳ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ የአዲስ አበባ ኮንትራት ታክሲ ከሆነም ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ኳስ አምሽቶ ሚኒባስ ያጣ ሰው አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የሚከራከረው ከእሱ ሾፌር ጋር ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞስኮው ሉዥኒኪ ስታዲየም አለ። ያኔ ሌኒን ስታዲየም ይባል በነበረው በዚህ ሜዳ ምሩጽ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር፣ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ የ5,000 ሜትር ወርቅ ወስዷል። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና እዚያው ሲደረግ ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋርና መሐመድ አማን አሸንፈውበታል። ስፓርታክና ሲኤስኬኤ እንግሊዞቹን ያስተናግዱበት የነበረው ሜዳ ለእንግሊዝ ደጋፊ ባዕድ አገር ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ግን በክለቡ ስም ባይሆንም በአገሩ ስም ድል የታየበት ቦታ ነው።

ኮልፌ ራሷ የከተማ ጠርዝ የነበረች ሰፈር ናት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚያ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው፤ ያኔ ካምፑ የሚቆጠረው ከከተማው ዳርቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞና ከሌላም አገር የመጣ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ሰፈረባት፤ አጠና ተራው በዛፍ ምሰሶ፣ ቅያሱ በሱቅ ሞላ፤ በ1995 ዓ.ም. ቀራኒዮን ጨምራ የክፍለ ከተማ ስም ሆነች። እንዲህ ያለው ሰፈር ምሽት ላይ መዝናኛ ይፈልጋል፤ የመጣለትም ቪዲዮ ቤት ነው። መጀመሪያ በካሴት የህንድና የካራቴ ፊልም ያሳይ የነበረው ቤት በ1990ዎቹ ጣሪያው ላይ ዲሽ ሰቀለና ዲኤስቲቪ አስገባ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የቀን፣ ኳሱ የምሽት ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ ኳሱ ቀኑንም ወሰደው። ሰዉም ቤቱን ኳስ ቤት፣ አንዳንዴም ዲኤስቲቪ ቤት ይለው ጀመር።

ቤቱ እንዲህ ነው። የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ጀርባ የሌለው ረጅም አግዳሚ በረድፍ፣ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን። በሩ ላይ ቆሞ ብር የሚቀበል ልጅ አለ። ከበሩ ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፎ የዕለቱ ጨዋታዎች በጠመኔ ይጻፉበታል፤ ክለቡ በሙሉ ስሙ አይጻፍም፣ ማንቸስተር ዩናይትድ «ማንቼ» ነው፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ሰሌዳውን አይቶ ምሽቱን የሚያሰላው ከዚያ ነው። 1:30 የሚል ቁጥር ሲያይ ገበያውን ቀደም ብሎ ለመዝጋት ያስባል፣ 4:45 የሚል ሲያይ ደግሞ እንቅልፉን ያስባል። ጨዋታው ከመድረሱ በፊት ያሉት ቀናት የክርክር ናቸው፤ ስንቅ የሚያቀብሉትም ሊብሮና ሐትሪክን የመሳሰሉ የስፖርት ጋዜጦች፣ በ1992 ዓ.ም. የጀመረው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ከእሱ በኋላ የተከፈቱት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ነበሩ። ቲፎዞ የሚለው ቃል ከጣሊያን እንደመጣ ሁሉ ክርክሩም በሙሉ በውሰት ክለብ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ክለብ በአውሮፓ ዋንጫ አይሳተፍምና። ይሁንና የውሰት ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም።

መብራት ሌላው ጭንቀት ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ መብራት በፈረቃ ስታገኝ ጀነሬተር የሌለው ኳስ ቤት ደንበኛውን ጀነሬተር ላለው ጎረቤት አስረከበ። በጨዋታ መሃል መብራት ሲሄድ አንድ ጊዜ የሚነሳው «ኡ» የሚል ጩኸት ከአንዱ ቅያስ ወደ ሌላው ይሰማል፤ ሲመለስ ደግሞ ውጤቱ ተለውጦ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ወደ ሩሲያ የተደረጉት ጉዞዎች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። አርሰናል ኅዳር 13 ቀን 1993 ዓ.ም. ሉዥኒኪ ላይ በሲልቪኞ ጎል ገና በሁለተኛው ደቂቃ መርቶ በስፓርታክ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ጥቅምት 7 ቀን 1999 ዓ.ም. ደግሞ በሲኤስኬኤ 1 ለ 0 ተረታ፤ ጎሉን ያገባው ብራዚላዊው ዳንኤል ካርቫልሆ ሲሆን የቲዬሪ ኦንሪ ጎል በእጅ ነክቷል ተብሎ ተሽሯል። ቼልሲን ሩሲያዊው ባለሀብት ሮማን አብራሞቪች በ1995 ዓ.ም. ከገዛው በኋላ ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞስኮ የሄደው ጥቅምት 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ሲኤስኬኤን በአርየን ሮበን ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። የአብራሞቪች የነዳጅ ኩባንያ ሲብኔፍት የሲኤስኬኤ ስፖንሰር ስለነበር ጨዋታው ያኔ ብዙ አነጋግሯል።

ትልቁ የሞስኮ ምሽት ግን ተጋጣሚው ሩሲያዊ ያልነበረበት ነው። ግንቦት 13 ቀን 2000 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድና ቼልሲ በሉዥኒኪ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ተጫወቱ። የሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ለዚያ ጨዋታ ሲባል በእውነተኛ ሣር ተተክቷል። ሩሲያ ትኬት ለያዘ ደጋፊ ያለ ቪዛ እንዲገባ ፈቀደች፤ አጀማመሩም ለምዕራብ አውሮፓ ተመልካች ሲባል በሞስኮ ሰዓት ከሌሊቱ 22:45 ሆነ። ለአንዴ ሩሲያ የሌሎቹን ሰዓት ተቀበለች፤ ኮልፌም ላይ 3:45 ሆነ። ክርስቲያኖ ሮናልዶ አገባ፣ ፍራንክ ላምፓርድ አቻ አደረገ፣ ጭማሪ ሰዓት መጣ፣ ዲዲዬ ድሮግባ በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዝናብ ባረጠበው ሜዳ ጆን ቴሪ ሊመታ ሲል ተንሸራተተ፤ በመጨረሻም የኒኮላ አኔልካን ምት ቫን ደር ሳር ሲያድን ዩናይትድ 6 ለ 5 በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት አልፏል። ጨዋታው 90 ደቂቃ ብሎ ሂሳቡን የሠራ ሁሉ ወደ ቤቱ የገባው በእግሩ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የሩሲያ ፊት አንድሬይ አርሻቪን ሆነ። በ2001 ዓ.ም. አጋማሽ ከዜኒት ወደ አርሰናል የመጣው ይህ ተጫዋች ሚያዝያ 13 ቀን አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል ላይ ብቻውን አራት ጎል አግብቶ ጨዋታው 4 ለ 4 አለቀ። የአርሰናል ደጋፊ በበዛበት ሰፈር ሩሲያዊ ስም ያን ያህል የተጠራበት ጊዜ የለም።

ሌላው ትዝታ ግን ያስመርራል። ጥቅምት 13 ቀን 2006 ዓ.ም. ማንቸስተር ሲቲ ሲኤስኬኤን 2 ለ 1 ባሸነፈበት ጨዋታ ኮትዲቯራዊው ያያ ቱሬ ከተመልካች መቀመጫ የዝንጀሮ ድምፅ ተሰማበት። እሱም አቤቱታውን በይፋ አቀረበ፤ ነገሩ ካልተስተካከለ አፍሪካውያን ተጫዋቾች ለ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ሩሲያ ላይሄዱ እንደሚችሉም ተናገረ። ዩኤፋ የሲኤስኬኤን ስታዲየም በከፊል ዘጋ። በዓመቱ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ክለቦች ሲገናኙ ሲኤስኬኤ በሌላ የዘረኝነት ቅጣት ላይ ስለነበር ጨዋታው በዝግ ስታዲየም ተደረገ። ሲቲ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2 ወጣ። ሞስኮ ላይ የተጫዋቾቹ ጩኸት እያስተጋባ ሲሰማ ኮልፌ አግዳሚው ሙሉ ነበርና ያን ዕለት የደጋፊ ድምፅ የነበረው እንዲህ ባሉት ቤቶች ነው።

የካቲት 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ዩናይትድ ለዩሮፓ ሊግ ሮስቶቭ ሄዶ 1 ለ 1 ተለያየ። አሠልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ የሜዳውን መበላሸት አጥብቀው ነቅፈዋል። የእንግሊዝ ደጋፊዎች ማርሴይ ላይ ከሩሲያውያን ጋር ከተደባደቡ ዓመት አልሞላውምና ስጋት ነበር፤ የሮስቶቭ ክለብ ግን ለመጡት እንግዶች ብርድ ልብስ አደለ። በተከተለው መስከረም ደግሞ ሁለት የሞስኮ ጨዋታዎች ከበዓል ጋር ተገጣጠሙ። ሊቨርፑል ከስፓርታክ 1 ለ 1 የወጣው መስከረም 16 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በደመራ ምሽት ነው፤ ዩናይትድ ሲኤስኬኤን 4 ለ 1 ያሸነፈው በማግስቱ፣ በመስቀል ዕለት። ሁለቱም የተጀመሩት 3:45 ላይ ነው። መስቀል ለጉራጌ የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት ይገባል፣ ክትፎው የሚበላው እዚያ ነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ከኮልፌ ቲፎዞ የዩናይትዱ ሉካኩ ሁለት ሲያገባ ያየው ከተማ የቀረው ነው።

በዚያው ዓመት አርሰናል በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ከሲኤስኬኤ ጋር ተመደበ። የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ለንደን ላይ 4 ለ 1 የተጠናቀቀው፣ በጸሎተ ሐሙስ ዋለ። ጾመኛው አክፍሎ በሚውልበት ሳምንት አምሽቶ ኳስ ማየት ከቤት ወቀሳ አያመልጥም። የሞስኮው መልስ ሚያዝያ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲደረግ ፋሲካ አልፎ ነበር። ሲኤስኬኤ 2 ለ 0 ሲመራ ነገሩ የሚገለበጥ መሰለ፤ ዳኒ ዌልቤክና አሮን ራምሲ አስተካክለው አርሰናል በድምር 6 ለ 3 አለፈ።

ከ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ዩኤፋ ለሁሉም ክለቦች ሁለት መጀመሪያ ሰዓት ደነገገ፤ የምሽቱ ቀደምት ጨዋታም ለሁሉም የተለመደ ሆነ። ጥቅምት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ሌስተር ከስፓርታክ የተጫወተው ከዚያም ቀድሞ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 11:30፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ስፓርታክ 2 ለ 0 ሲመራ ዛምቢያዊው ፓትሰን ዳካ ተነስቶ አራት ጎል አገባና ሌስተር 4 ለ 3 አሸነፈ። ኅዳር 29 ቀን ቼልሲ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከዜኒት 3 ለ 3 ወጣ፤ በጭማሪው ደቂቃ የገባችበት ጎል የምድቡን አንደኝነት ለዩቬንቱስ አስረከበች። ይህ የእንግሊዝ ክለብ ሩሲያ ምድር ላይ ያደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ የካቲት 21 ቀን ፊፋና ዩኤፋ የሩሲያን ብሔራዊ ቡድንና ክለቦች አገዱ። ስፓርታክ ከላይፕዚግ ጋር የነበረው የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ ሳይደረግ ላይፕዚግ አለፈ። ሴንት ፒተርስበርግ ልታስተናግደው የነበረው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜም ወደ ፓሪስ ተዛወረ። ሪያል ማድሪድ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ያሸነፈበት ይህ ጨዋታ ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ ላይ 4:00 ሊጀመር ተይዞ፣ ከስታዲየሙ ውጭ በተፈጠረ ትርምስ 36 ደቂቃ ዘገየ። በኮልፌ ሰሌዳዎች ላይ የተጻፈው 4:00 ቦታው ባይለወጥ ኖሮ የአስተናጋጇም ከተማ ሰዓት ይሆን ነበር፤ ፓሪስ ግን ያን ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነበረች።