በቀቀን ከማሳደጋችሁ በፊት ታሪኳን ስሙልኝ

ዛሬ ስለ በቀቀን ነው የማወጋችሁ።

ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ወደነበረችው እስክንድርያ እንሂድ። የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ በጥሊሞስ ታላቅ የሰልፍ ትርኢት አሳይቶ ነበር። በሰልፉ ላይ በወፍ ቤት የታጎሩ በቀቀኖች፣ ጣዎሶች፣ ጅግራዎችና ብዙ "የኢትዮጵያ ወፎች" በሰው ተሸክመው አልፈዋል። ግሪኮች ያኔ "ኢትዮጵያ" የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው፤ ክፍል ውስጥ ተነጋግረንበታል።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ በቀቀን ጻፈ። ንግግር ስትማር ጭንቅላቷን በብረት ዘንግ ምቷት፣ አለዚያ አይሰማትም ይላል። ወይን ጠጅ ከቀመሰች ጨዋታዋ ይብሳል ሲልም አክሏል። የቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ የቀመሰ ሰው ለዚች ወፍ ሳያዝን አይቀርም!

ወደ እኛ እንምጣ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የአገራችንን ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1814 ሲያሳትም፣ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ለሳይንስ ተዋወቀች። ስሟ የተወሰደው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ከሚያስወጣው፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ካለው የታራንታ አቀበት ነው። ስም ያወጣላት ሎርድ ስታንሊ በኋላ በርስቱ ላይ ትልቅ የእንስሳት ማቆያ ያቋቋመ ሰው ነው። ግንባረ ቢጫዋ በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው የጠየቀው "ምን ትናገራለች? ምን ታምራለች?" ብሎ ነው። "ምን ትበላለች?" ያለው ጥቂት ነው።

በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ጫጩት ከዛፍ አውርደው ሊሸጡልኝ ነው፣ ልውሰድ?" ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ አትውሰዱ። አንደኛ፣ የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ያስጠይቃል። አገራችን የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነትም በ1981 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሁለተኛ፣ በቀቀን የመንጋ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ስትታሰር ላባዋን እስከመንጨት ትደርሳለች። ትልልቆቹ ደግሞ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ልጅ ሳላችሁ የገዛችኋትን ለልጃችሁ ታወርሳላችሁ ማለት ነው።

ውጭ አገር ያላችሁና በሕጋዊ መንገድ ያሳደጋችሁ ግን ምግቧን አስተካክሉ። የሱፍ ፍሬ ብቻ አትስጧት፤ ስቡ ይበዛል፣ ቫይታሚን ኤ ያንሳታል። ለበቀቀን የተዘጋጀውን ምግብ መሠረት አድርጋችሁ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ፓፓያ ጨምሩላት። አቮካዶ መርዝ ነው፤ ቸኮሌትና ቡናም እንዲሁ። ከወጣችሁም አታጉርሷት። በርበሬው እንኳ አያቃጥላትም፣ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም፤ የሚጎዳት ሽንኩርቱና ጨው ነው።

የእኛዋ ትንሿ አረንጓዴ በደጋው የጥድ ፍሬና ሾላ ትለቅማለች፤ የምትፈለፍለውም በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኛ ከማጀቴ በላይ ባለው ደጋ ያረጀውን ዛፍ ለከሰልና ለማገዶ ስንቆርጥ ምግቧንም ቤቷንም አንድ ላይ ወሰድንባት። በቀቀን ማሳደግ የሚወድ ሰው አንድ ሾላ ይትከል፣ ያረጀውንም ይጠብቅ። ኬጅ አያስፈልገውም፣ ፈቃድም አይጠየቅም።

እናንተስ በሰፈራችሁ አይታችኋት ታውቃላችሁ? በምን ዛፍ ላይ? እስኪ ጻፉልኝ።